አርባው የአየሩ ነው

ድሬ፣ መጋላ ሰፈር ውስጥ ፊልሳንን «ምላሷ ከእግሯ ቀድሞ የተወለደ» ይሏታል። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሳ ደብተሯን ስታስቀምጥ «ምነው?» ያላት ሰው አልነበረም። እናቷ ዓናብ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጫማ ትሸጣለች። አባቷ ጅቡቲ ወደብ እሠራለሁ ብሎ ከሄደ ወዲህ ወሬው እንኳ ከተቋረጠ ሰንብቷል። እናት ዕቃ ልታመጣ ስትወጣ ሱቁ ላይ የሚቆም ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ፊልሳን ቆመች። ቆማም አልቀረች፣ ገበያውን በአፏ ገዛችው።

«እህት፣ ይሄ ጫማ ቁጥሩ ስንት ነው?» ይላታል ገዢ።

«አርባ።»

«ውስጡ ግን ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል እኮ!»

«በቻይና ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፣ በኛ አርባ ነው። አቦ አትደንግጥ፣ እግርህ አላደገም።»

አንድ እግር ሁለት ቁጥር ሊኖረው እንደሚችል ከፊልሳን በላይ የሚያውቅ ሰው ታይዋን ውስጥ አልነበረም። ይህቺን ነገር አንድ ቦታ አስቀምጧት፤ ዞራ ትመጣለች።

ሽጉጧም ወደ ቤታቸው የገባችው ከዚያው ከታይዋን ነው። ሽጉጥ ስላልናት አትደንግጡ፤ በኮሮና ጊዜ በየበሩ ሰው ግንባር ላይ ትደገን የነበረችው ነጭ የሙቀት መለኪያ ናት። በሽታው ሲረሳ መለኪያውም ተረሳ፣ በየሱቁ ጥግ በካርቶን ተቆልሎ አቧራ ጠጣ። ዓናብ አንዷን ከጎረቤቷ ባለሱቅ በምርቃት አገኘችና ይዛት ገባች። አፈሙዟን ወደ ግንባር አዙሮ ቃታዋን ሳብ ማድረግ ነው፤ ጢጥ ትልና ቁጥር ታወጣለች። ጤነኛ ሰው ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ስምንት ይላል።

አምና ወባ የሰፈሩን ልጆች በየተራ ሲጥል ኢልዋድንም ጣለው። ኢልዋድ የፊልሳን ታናሽ ወንድም ነው፤ ያን ጊዜ ገና ዳዴውን ትቶ መሮጥ የጀመረ። ሽጉጧ መቶ ሦስት አለች፣ ዓናብ በነጠላ ጫማ ሮጣ ጤና ጣቢያ አደረሰችው፣ በጊዜ በመድረሱ ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሕግ ወጣለት፦

«መቶን ካለፈ ማንንም አትጠይቂ። ልጁን አንስተሽ ሩጪ።»

ሌላ ሕግ አልነበራቸውም። መቶ የኬላ ገመድ ሆነች፤ ከሷ ወዲህ አገር ሰላም ነው፣ ከሷ ወዲያ ሩጫ ነው። ፋራናይት የሚባል ልኬት አለ፣ ሴልሺየስ የሚባል ሌላ ልኬት አለ ብሎ በዚያ ቤት ያወራ ሰው የለም። ከቁጥሩ ጎን ጉንዳን የምታክል ፊደል ትታይ ነበር። የሩዝ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ማን ያነባል? ሩዙን ነው እንጂ።

ዘንድሮ ኢልዋድ ሦስት ዓመት ሞላው። ግንቦት ገባ። ግንቦት ላይ ድሬ ከተማነቷን ትታ ምድጃ ትሆናለች። አንድ ማለዳ ዓናብ ዕቃ ልታመጣ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ደወሌ፣ በጭነት መኪና ልትሄድ ሻሿን እያሰረች ሳለ ልጁ ትንሽ ተነጫነጨ። ለካችው፤ ዘጠና ዘጠኝ። ሻሿን ፈታች፣ መልሳ አሰረች፣ እንደገና ፈታች።

«ሆዮ፣ ሂጂ አቦ» አለቻት ፊልሳን። እናቷን ሁልጊዜ በሶማሊኛው ሆዮ ነው የምትላት። «እኔ አለሁ አይደል?»

«አንቺማ የት አለሽ፣ ያለው ምላስሽ ነው።»

«ምላሴ ነዋ ጤና ጣቢያ ሄደን ሰልፍ የሚያስቀድመን።»

ዓናብ ሳትወድ ሳቀች። በሩ ላይ ቆማ ጣቷን ቀሰረች። «ስሚኝ፣ ናያ፣ አንቺ ልጅ። መኪናው ከከተማው መውጫ፣ መልካ ጀብዱ ላይ ሌላ ጭነት እስኪጭን ይቆማል። ከዚያ እደውልልሻለሁ። ያኔ መቶን ካለፈ እዚያው ወርጄ እመለሳለሁ። ከመልካ ጀብዱ ከወጣን ግን በረሃ ነው፤ ስልክም አይሰማ፣ መመለሻም የለ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«አትቀልጂ።»

«ወላሂ አልቀልድም።»

ወላሂ ያለችውን ግማሽ ቀን እንኳ አልጠበቀችውም። የሷ ጥፋት ግን ብዙ ሰው የሚያጠፋው ዓይነት አልነበረም፤ ቀልዷ ራሱ ለወንድሟ ነበር።

ፀሐዩ ከግቢው አጥር በላይ ሲወጣ ኢልዋድ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ውኃ፣ ውኃ ይል ጀመር። ፊልሳን ሽጉጧን ግንባሩ ላይ ደገነች። ጢጥ። መቶ ሁለት።

ሕግ ሕግ ነው። ብድግ አለች። የትኩሳት ሽሮፑን አጠጣችው፣ በእርጥብ ጨርቅ ፊቱን አበሰችው፣ ንጹሑን ሸሚዝ ልታለብሰው አንድ እጁን እንዳስገባች በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ወልደማርያም ነው፣ የጎን ጎረቤቷ። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው በድሮው ባቡር ጣቢያ ነው፤ ባቡሩ ሲቆም እሱም ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሽጉጧን ፍለጋ ይመጣል። የሚያመው ነገር ኖሮ አይደለም፤ ግንባሩን የሚያይለት ሰው አጥቶ ነው።

«ፊልሳን፣ ስንት ነኝ ዛሬ?»

«ጋሼ፣ ዛሬ አትድረቅብኝ፣ ልጁን ልወስደው ነው። መቶ ሁለት ገብቷል።»

«ውይ የኔ ልጅ! ምን አገኘው? በይ ቶሎ ለኪኝና አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ጥላ እይዝላችኋለሁ።»

ደገነችበት። ጢጥ። «ዘጠና አምስት። ጋሼ፣ እየበረድክ ነው። ቄስ ልጥራልህ?»

ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። ሽማግሌውን አንተ ማለት ነውር አይደለም፤ መናቅም አይደለም።

«አንቺን የወለደች ትፈር!» አለ ጋሽ ወልደማርያም ጥርስ አልባ ድዱን እያሳየ። «ድገሚ፣ ተሳስታ ነው።»

ይህን ጊዜ ነው ፊልሳን ወንድሟን ዞር ብላ ያየችው። ኢልዋድ አንድ እጁ ሸሚዝ ውስጥ፣ አንድ እጁ ውጪ፣ በደከሙ ዓይኖቹ ያያቸዋል። ከንፈሩ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አልሳቀም። እና ሽጉጧን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችና እንደ ፊልም ፖሊስ ተንበረከከች።

«እጅ ወደ ላይ!»

«ኧረ ባክሽ ማሪኝ!» አለ ሽማግሌው፣ ከዘራውን ከነእጁ ሰቅሎ።

«አልምርህም! ዙር! ትከሻህን አወዛውዝ፣ አለዚያ እለቅብሃለሁ!»

ጋሽ ወልደማርያም በዚያ በተሰበረ ወገቡ ዞረ፣ ትከሻውን ነቀነቀ፣ ሱሪው ወረድ አለበት። ኢልዋድ ሳቀ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ሳቅ ነበር፤ ግን ሳቅ ነው። ለዚያች ሳቅ ስትል ፊልሳን ጣቶቿን ከሽጉጧ ላይ ሳታላቅቅ ሌላ ዙር አስጨፈረችው። አንዱ ጣቷ ቃታው ላይ ነው። ሌላው ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ ጭፍልቅ አድርጎ ይዟል። ሽጉጧ ጢጥ ማለቷን ትታ አንዴ ረዘም አድርጋ ጢ—ጥ አለች። በሳቁ መሀል ማንም አልሰማትም።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ዓናብ ናት፣ ከመልካ ጀብዱ። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባና የጫኞች ጩኸት ይሰማል።

«ስንት ነው?»

«ሆዮ፣ ቅድም መቶ...»

«የቅድሙን ተዪው። አሁን ለኪው፣ አሁኑኑ ልስማ። ሰውዬው ሞተር አስነስቷል።»

ፊልሳን ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ቀርቅራ ወንድሟ ግንባር ላይ ደገነች። ጢጥ። አየችው። ዓይኗን አሻሽታ እንደገና ለካች። ያው ነው።

«ሆዮ! አርባ!»

«መቶ አርባ?» ዓናብ ጮኸች።

«አይ፣ አርባ! አርባ ብቻ! ቅድም መቶ ሁለት ነበር፣ ሽሮፑን ሰጥቼው ወረደለት። አሁን ሳቀ ራሱ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች እናት፤ ወዲያው ግን ድምፅዋ ወደኋላ አለ። «ቆይ... አርባ ግን አላነሰም? እኛ ዘጠና ምናምን አይደለን እንዴ?»

ፊልሳን ወደ ጋሽ ወልደማርያም አየች። እሱ ደግሞ ሙቀት የሚባል ነገር ሲነሳ ደረቱን የሚነፋ ሰው ነው፤ በሥራ ዘመኑ ባቡር ጣቢያው ጥላ ስር የተሰቀለውን የሙቀት መለኪያ በየማለዳው የሚያነበው እሱ ነበርና። ስልኩን ከልጅቷ ትከሻ መንጨቅ አድርጎ ወሰደ።

«ዓናብ፣ እኔ ነኝ። አርባማ የአየሩ ነው! ዛሬ ድሬ አርባ ናት፣ ሬዲዮው ጠዋት ብሏል። የልጁ ትኩሳት በላብ ወጥቶለት የቀረው የአየሩ ሙቀት ነው። አርባ ለድሬ ልጅ ምኑ ነው? እኛ በአርባ ስንት ዓመት ሐዲድ ገጥመናል!»

«እርግጠኛ ነህ፣ ጋሼ?»

«እንዴት አልሆን! ዕድሜዬን ያነበብኩት ቁጥር።»

«ፊልሳንን ስጠኝ።» ጥሩምባው እንደገና አንባረቀ። «ፊልሳን፣ ቀልድሽን ትተሽ ንገሪኝ። ልውረድ ወይስ ልሂድ?»

ፊልሳን ወንድሟን አየችው። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሳቁ ከንፈሩ ላይ ገና አልደረቀም።

«ሂጂ፣ ሆዮ።»

መኪናው ሄደ።

እዚህ ላይ ደጋ ያለ ሰው ይህን ቢሰማ «አርባ?!» ብሎ ከመቀመጫው ይነሣ ነበር። የድሬ ሰው ግን አርባን የሚያውቃት በሌላ በኩል ነው። አርባ ማለት ፀሐይ ነው፤ አርባ ማለት ሱቅ ዘግቶ መተኛት፣ ፍራሽ ወደ ግቢ ማውጣት፣ «ዘንድሮስ ባሰ» እያሉ እንደየዓመቱ ማማረር ነው። በአርባ ሰው ሲሞት ማን አየ? ስለዚህ ፊልሳን አርባን ስታይ የታያት በሽታ አልነበረም፣ የአየር ሁኔታ ነበር። ደግሞም በድሬ ሰው ንግግሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ አዋዝቶ በሶማሊኛ ሲጨርሰው ዘወር ብሎ የሚያይ የለም። ሽጉጧም እንዲያው ቋንቋ ቀየረች፤ ማንም ዘወር ብሎ አላያትም።

ነገሩን ለማረጋገጥ ግድግዳው ላይ ደገነች። አርባ አንድ። ቆርቆሮው በር ላይ ደገነች። አርባ አራት።

«ጋሼ፣ በሩ ከሁላችንም ብሶበታል፣ እሱን ነው ጤና ጣቢያ መውሰድ!»

ሁለቱም ሳቁ። ያን ጊዜ አፈሙዟን ወደ ራሷ ግንባር ብታዞረው ሠላሳ ስድስት ይላት ነበር፣ ምስጢሩም እዚያው በወጣ ነበር። ግን ጤነኛ ሰው ምን በወጣው ራሱን ይለካል? ያስገባችውን የሸሚዝ እጅጌ መልሳ አወለቀች፤ ይቀዝቅዘው ብላ ነው።

እኩለ ቀን ሆነ። ኢልዋድ ውኃ መጠየቁን ተወ። ፊልሳን እንቅልፍ ወሰደው ብላ ደስ አላት፤ የጫማ ካርቶን ክዳን ቀድዳ አራገበችለት። ግንባሩን በእጇ ነካችው፣ ይፋጃል። ግን የማይፋጅ ምን አለ? የጀሪካኑ ውኃ ይፋጃል፣ የበሩ መቀርቀሪያ ይፋጃል፣ ምንጣፉ ይፋጃል። ለካችው። አርባ ከስድስት።

«ትንሽ ጨምሯል» አለች።

«ስድስት ሰዓት እኮ ነው፣ ይጨምራል» አለ ጋሽ ወልደማርያም ደጁ ጥላ ላይ ጋደም ብሎ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ወደ አሥር ሰዓት ነፋስ ሲወጣ ታዪዋለሽ፣ አብሮ ይወርዳል።»

ፊልሳንም አየሩን መጠበቅ ጀመረች። ልጁ እንደ ከተማዋ ወደ ማታ የሚበርድ ይመስል።

መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ ነው። ድም፣ ድም፣ ድም። ጎረቤት የሚወቅጥ መሰላት። ዞር ስትል የኢልዋድ ተረከዝ ነው፣ መሬቱን የሚመታው። ዓይኖቹ ተገልጠዋል፣ ግን ነጩ ብቻ ነው ያለው። መንጋጋው ተገጥሟል። እጆቹ ወደ ደረቱ ተኮማትረው እንደ እንጨት ደርቀዋል።

«ኢልዋድ! ወላሎ! ወንድሜ! ኢልዋድ፣ እየኝ! እየኝ እንጂ!»

ብድግ አድርጋ አቀፈችውና ወደ መንገዱ ወጣች።

ድሬ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትዘጋለች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ አስፋልቱ ለስልሶ ጫማ ይይዛል። ጥግ ላይ ዐብዲከሪም የሚባል የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ እግሩን በመሪው ላይ ሰቅሎ፣ ጫቱን ጉንጩ ውስጥ ወጥሮ ተኝቷል። ፊልሳን ልጁን አቅፋ በባዶ እግሯ ስትሮጥ አላያትም፤ ኡኡታዋ ነው የቀሰቀሰው። ምን ሆነ አላለም፣ ስንት ትከፍይኛለሽ አላለም። ጫቱን ተፍቶ ሞተር አስነሣ። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ ሲሻገሩ ባጃጁ ይዘላል፣ የኢልዋድም ራስ ክንዷ ላይ ይዘላል።

«ምን አገኘው?» አለ ነጂው በመጨረሻ በመስታወቱ እያያት።

«አላውቅም። አርባ ነበር እኮ። ወርዶለት ነበር እኮ።»

ነጂው በመስታወቱ ሁለተኛ አያት። ባጃጁን ይበልጥ አፈጠነው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበላቸው ዐብዲፈታሕ የሚባል ወጣት ጤና መኮንን ነው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል፣ የጣሪያው ማራገቢያ ክንፉን ዘርግቶ ቆሟል። ልጁን ከእጇ ተቀብሎ አልጋው ላይ አጋደመው፣ የራሱን መለኪያ በልጁ ብብት ውስጥ ከተተ፣ ነርሷን ጠራ፣ ደም ተወሰደ፣ መርፌ ተፈለገ፣ የደም ሥር ተፈለገ፣ የደም ሥር ጠፋ፣ ተገኘ። ፊልሳን ጥግ ይዛ እግሯን እያፈራረቀች ትቆማለች። ወባው ወደ አንጎሉ ወጥቷል ሲባል ሰማች።

«አርባ አንድ ከአራት» አለ ዐብዲፈታሕ መለኪያውን አውጥቶ።

ፊልሳን ቀና አለች። «አርባ አንድ? ታዲያ አየሩ ነዋ!»

«ምን አልሽ?»

«አየሩ ነዋ፣ ዶክተር! ዛሬ ድሬ አርባ ናት። ቅድም መቶ ሁለት ነበር፣ እኔ አወረድኩት። ወደ አርባ አወረድኩት። ይኸው!» ሽጉጧን ከጉያዋ መዥረጥ አድርጋ ዘረጋችለት። ሮጣ ስትወጣ ጫማዋን ረስታ እሷን ግን ይዛ ነበር።

ዐብዲፈታሕ ሽጉጧን ተቀብሎ አያት፣ ልጅቷን አያት። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ጎኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ ጭፍልቅ አድርጎ ያዘ፤ ጢ—ጥ። ጉንዳኗ ፊደል ተቀየረች። እንደገና ያዘ፤ ጢ—ጥ። ወደነበረችበት ተመለሰች።

«ሁለት ልኬት አላት» አለ በቀስታ። «አንዱ ፋራናይት ነው፣ አንዱ ሴልሺየስ። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ሴልሺየስ ዜሮ ይላል፣ ፋራናይት ደግሞ ሠላሳ ሁለት። መነሻቸው አንድ አይደለም። እርምጃቸውም አንድ አይደለም፤ ሴልሺየስ አምስት ሲራመድ ፋራናይት ዘጠኝ ይራመዳል። የሴልሺየሱን በዘጠኝ አባዢ፣ ለአምስት አካፍዪ፣ ሠላሳ ሁለት ደምሪበት፤ ፋራናይቱን ታገኛለሽ።»

ይህን ብሎ ወደ አልጋው ዞረ።

ሂሳብ ላይ ፊልሳንን የሚቀድማት የለም፤ ታይዋን ውስጥ ካልኩሌተር ይዘው የመጡትን ገዢዎች ትስቅባቸዋለች። አርባ በዘጠኝ፣ ሦስት መቶ ስልሳ። ለአምስት፣ ሰባ ሁለት። ሠላሳ ሁለት ሲደመር...

መቶ አራት።

ደግሞ የጠዋቱን ወደ ኋላ መለሰችው። ከመቶ ሁለት ላይ ሠላሳ ሁለት ሲነሳ ሰባ። በአምስት ሲባዛ፣ ለዘጠኝ ሲካፈል፣ ሠላሳ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። ከሠላሳ ዘጠኝ በታች ወደ አርባ። እና ትኩሳቱ አልወረደም። እየወጣ ነበር። እሷ ሂጂ ስትል፣ መኪናው ከመልካ ጀብዱ ሲወጣ፣ ግድግዳውን ለክታ ስትስቅ፣ እየወጣ ነበር።

አንድ እግር፣ ሁለት ቁጥር። አታውቀው ኖሮ ነው? ቀኑን ሙሉ የምትሸጠው ይህንኑ አልነበረም?

ጋሽ ወልደማርያም ወንዙን በእግሩ ተሻግሮ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ ደረሰ። በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ሆነ?» አለ። ፊልሳን አየችው። ዘጠና አምስት፣ ቄስ ልጥራልህ፣ ያለችው ትዝ አላት።

«መቶ አራት ነበር፣ ጋሼ» አለችው።

«መቼ?»

«አርባ ስንል።»

ሽማግሌው እዚያው በሩ ሥር በግድግዳው ተንሸራቶ ቁጭ አለ።

የእናቷ ስልክ «ሊያገኟቸው አይችሉም» ይላል። ፊልሳን ደወለች፣ ደወለች። ዓናብ በረሃው መሀል አዲጋላ የምትባል ከተማ ስትደርስ ነው ስልኩ የሠራው። ፊልሳን «ሆዮ፣ ነይ» ብቻ አለች። ዓናብ «ስንት ገባ?» ስትል ስልኩ ተቋረጠ፤ ወይም ፊልሳን ዘጋችው።

ኢልዋድ የዐስር አዛን ከመሰማቱ በፊት ሞተ። ጩኸት አልነበረውም። ተረከዙ መሬት መምታቱን ከተወ ቆይቷል፤ ትንፋሹም እንዲሁ ተወ። ዐብዲፈታሕ ደረቱን ሲጫን፣ ሲጫን፣ ሲጫን ቆየና እጁን አነሣ። ነርሷ ዓይኑን ገጠመችለት። አንሶላውን እስከ አገጩ ሳቡለት፤ ፊቱን እናቱ ትየው ተባለ።

ነፋሱ ወጣ፤ ጋሽ ወልደማርያም ይወጣል ያለው የአሥር ሰዓት ነፋስ። ከተማዋ ትንሽ በረድ አለላት።

ዓናብ የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በሌላ ጭነት መኪና፣ ፊቷ በአቧራ ነጥቶ። በአገናኝ መንገዱ ላይ ያሉት ሁሉ ዝም ሲሉ ገባት። ገባት ግን አልተቀበለችውም። ሰውን ገፍታ ገባች፣ አልጋው ላይ ጎንበስ አለች፣ መዳፏን የልጇ ግንባር ላይ አሳረፈች።

ቀና አለች። ዓይኗ በራ።

«ሞቃት ነው!»

ነርሷ ልትይዛት እጇን ዘረጋች።

«ሞቃት ነው እኮ! ሞተ ያለው ማነው? ሬሳ እንዲህ ይሞቃል? ዋሽታችኋል!» እጁን አነሣች፣ እግሩን ነካች፣ አንገቱ ሥር ገባች። «ሁሉ ነገሩ ሞቃት ነው! ፊልሳን! ፊልሳን የት አለሽ? ለኪው!»

«ሆዮ...»

«ለኪው አልኩሽ! ሽጉጧ እጅሽ ላይ አይደለችም እንዴ?»

ዐብዲፈታሕ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ፣ ከዚያ ቆመ። ፊልሳን ወደ አልጋው ሄደች። አፈሙዟን በሌላው እጇ ደገፈችው። ወንድሟ ግንባር ላይ ደገነች፤ ጠዋት አርባ ያለችበት ቦታ ላይ።

ጢጥ።

«ስንት ነው?» አለች ዓናብ።

ሠላሳ ሰባት ከስምንት ይላል። እናቷ ግን ይህን ቋንቋ አታውቀውም። እናቷ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በዘጠኝ አባዛች። ለአምስት አካፈለች። ሠላሳ ሁለት ደመረች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሂሳብ ስትሠራ ውጤቱ እንዳይደርስ ፈለገች። ደረሰ።

«መቶ» አለች።

«መቶ!» ዓናብ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «ሰማችሁ? መቶ ነው! መቶን አላለፈም! መቶን ካላለፈ ደህና ነው፣ ሕጋችን ነው፣ ንገሪያቸው ፊልሳን! መቶን አላለፈም በያቸው!»

ፊልሳን ሽጉጧን ከወንድሟ ግንባር ላይ አነሣች። ወደ ግድግዳው አዞረቻት። ጢጥ። ሠላሳ ሰባት ከስምንት። ወደ አልጋው ብረት አዞረቻት። ጢጥ። ሠላሳ ሰባት ከስምንት። ቁጥሩን እናቷ እንድታየው ወደ ፊቷ አቀረበችላት። ዓናብ የግድግዳውን አየች፣ የብረቱን አየች፣ ልጇን አየች። እጆቿን ግን ከፊቱ ላይ አላነሣችም።

«አሁን የአየሩ ነው፣ ሆዮ» አለች ፊልሳን።